ለነግህ ጸሎት መነሳት ለምን አቃተኝ፣ በምንስ ተስተካከለ

ይህን የምጽፈው ጠዋት ተነስቶ መጸለይ እየፈለገ ለማይሆንለት ሰው ነው። ደሴ ላይ ሆኜ ለዓመታት ስጀምር ስተው፣ እንደገና ስጀምር እንደገና ስተው ኖሬያለሁ። ምን ይዞኝ እንደነበረና በምን እንደለቀቀኝ ብነግራችሁ፣ እኔ የፈጀሁትን ዓመት እናንተ አትፈጁትም ብዬ ነው። የምናገረው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ነው። የእንቅልፉና የመጠኑ ጉዳይ ግን በማለዳ መነሳት የሚፈልግን ማንንም ሰው የሚመለከት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ መጠኑ ነበር። የጀመርሁት በሁዳዴ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጀምረውም ያኔ ነው። የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን፣ የዕለቱ ዳዊት፣ በላዩ ላይ መልክአ ኢየሱስ፣ መልክአ ማርያም፣ በወሩ 12 የሚካኤልን፣ በ19 የገብርኤልን ድርሳን ጨመርሁበት። እስቲ አብረን እናስላው። የዘወትር ጸሎት ረጋ ተብሎ ሲነበብ በእኔ ንባብ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ወደ 10 ደቂቃ። የሰኞ ዳዊት ብቻውን 30 መዝሙር ነው፤ ግእዙ በአፉ ላልሟሸ ሰው ሰዓት ሊሞላ ይችላል። መልኩና ድርሳኑ ሲታከልበት ሁለት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ማታ በ5 ሰዓት ተኝቶ ሌሊት በ10 ሰዓት የሚነሳ ሰው ይህን ሁለት ሳምንት ይችለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ቆሞ ይተኛል፤ ቃሉ ከአፉ ይወጣል፣ ልቡ ግን የለም።

55ቱን ቀን እንደምንም ብትወጡትም ቀጥሎ የሚመጣውን አስቡ። በዓለ ኀምሳ ላይ፣ ማለትም ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ ጾም የለም፣ ስግደት የለም፤ ሰውነት ለሁለት ወር የታሰረበትን ገመድ ፈትቶ ይለቀቃል። በሁዳዴ የተሠራ ልማድ የቆመው በሁዳዴ ሕግ ላይ ስለነበር ሕጉ ሲነሳ ልማዱም አብሮ ይወድቃል። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ የመጀመሪያው ጠዋት ይቀራል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ መጽሐፉ አቧራ ይለብሳል። ሦስት ዓመት በተከታታይ እዚሁ ቦታ ላይ ወድቄያለሁ። ስለዚህ በተራ ወር፣ በተራ ማክሰኞ ብትጀምሩት ይሻላል። ወቅት ካስፈለጋችሁ ፍልሰታን ምረጡ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ብቻ ነው፣ ውዳሴ ማርያሙም በየአጥቢያው በትርጓሜ ይነገራል፤ ቤት ውስጥ የምታነቡትን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትርጉሙን ትሰሙታላችሁ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ችግሩን ጠዋት ላይ መፈለጌ ነው። ጠዋት የሚሸነፍ ሰው የተሸነፈው ማታ ነው። በ11 ሰዓት ለመነሳት በ4 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ ይህ 7 ሰዓት እንቅልፍ ነው፣ ለጤነኛ ሰው ይበቃል። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። እራት ከ2 ሰዓት ተኩል ባያልፍ፣ ስልኩ በ3 ሰዓት ተኩል ከእጅ ቢወጣ። ስልኩን ጓዳ ወይም ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። ማንቂያው እዚያው ይጩህ፤ ለማጥፋት ስትሉ ከአልጋ ትወርዳላችሁ። ትራስ ሥር ያደረ ስልክ ጠዋት ከጸሎት በፊት ይከፈታል፣ ከተከፈተ ደግሞ ያ ጠዋት አለቀ። የጸሎት መጽሐፉንም ከስልክ ላይ ባታነቡ እመክራለሁ። የግድ ከሆነ ዳታውን ማታውኑ ዝጉት።

ሌላው የማታ ሥራ ማሰናዳት ነው። መጽሐፉ የነገው ዕለት ገጽ ላይ ክር ገብቶበት፣ ነጠላው በምስማር ተሰቅሎ፣ ክብሪቱ ከጧፉ አጠገብ፣ ፊት መታጠቢያ ውኃው በጆግ ተቀድቶ ይደር። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪም ይኑር። ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በእንቅልፍ ልብ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው አልጋውን ያገኛል። የደሴን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ እግር አያስወጣም። ወፍራም ካልሲና ጋቢ አልጋው ራስጌ ይደሩ፤ ጋቢውን ለብሳችሁ ነጠላውን ከላይ በመስቀለኛ ማድረግ ይቻላል። አልጋ ላይ ተቀምጬ እጸልያለሁ ማለት ግን አይሠራም። የታመመና አራስ ካልሆነ በቀር ሰው ይቁም፤ ቆመው ጀምረው በኋላ ቢቀመጡ ይሻላል።

ማንቂያ የማይቀሰቅሳችሁ ከሆነ በአገራችን የተሻለ መላ አለ። የሱብሒ፣ የሙስሊሞቹ የንጋት ጸሎት፣ አዛን ወደ 11 ሰዓት ግድም ይሰማል፣ ከቤተ ክርስቲያኑም የኪዳኑ ደወል ይከተላል። ጎረቤታችሁ ለሱብሒ የሚነሳ ከሆነ «እባክህ ግድግዳውን አንኳኳልኝ» በሉት። ወሎ ውስጥ ይህን የሚጠይቅም የሚጠየቅም አያፍርም። ሰው የቀሰቀሰው ሰው መልሶ አይተኛም፤ ያንኳኳለት ጎረቤት «ተነሳህ?» እንደሚለው ያውቃላ።

ቦታውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ ቁሙ። ደሴ ከተማ ውስጥ ጦሳ በምዕራብ ነውና ጀርባችሁን ለጦሳ ስጡ። ሥዕለ አድኅኖው (ቅዱስ ሥዕሉ) በምሥራቁ ግድግዳ ላይ በዓይን ልክ ይሁን። አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ከወንድም ከእኅት ጋር የምትኖሩ ከሆነ ማእዘኗ አንድ ሜትር ብትሆንም ትበቃለች፣ ብቻ በየቀኑ አንዷ ቦታ ትሁን። ጧፍ የምታበሩ ከመጋረጃና ከማዳበሪያ ኮርኒስ ራቅ አድርጋችሁ፣ አሸዋ ባለበት ጣሳ ውስጥ ትከሉት፤ ሳታጠፉም አትውጡ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። በ2014 ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ እንደ ብዙው ሰው እኛም በደብረ ብርሃን መንገድ ወጣን። መጽሐፉ፣ ሥዕሉ፣ ነጠላው ሁሉ ቤት ቀረ። ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ባደርንባቸው ሌሊቶች በአፌ የቀረልኝን ስቆጥር አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖትና ከዳዊት ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ሆነ። ለስንት ዓመት ዓይኔ ያነበበውን ልቤ አልያዘውም ነበር። በቃል ያልያዝሁት በሙሉ ደሴ ቀረ። ነገር ግን ያቺ ትንሽ የቀረችልኝ ጸሎት በየጠዋቱ ሳትቋረጥ ቆየች፤ ትንሽ ስለነበረች የምተዋት ምክንያት አጣሁ። ከዚያ በፊት በሁለት ሰዓት ጸሎት ያልሆነልኝ በአምስት ደቂቃ ሆነ።

ስንመለስ ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። እርሳቸውም «በል እንግዲህ ይቺው ልክህ ናት፣ ሳትነግረኝ እንዳትጨምር» አሉኝ። 40 ቀን ምንም ሳልጨምር ቆየሁ። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው፦ ከሁሉ በፊት ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱና በከፋ ቀን እንኳ የማትተዉትን ትንሹን ልክ አስወስኑ። ስትሄዱ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ሥራ ስንት ሰዓት እንደምትገቡ፣ ከዚህ በፊት ምን ጀምራችሁ የት ላይ እንደተዋችሁ በእውነት ንገሯቸው። ሳይነገራቸው የሚሰጡት ልክ ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። ከእኛው አገር ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ተመልከቱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ እዚያ በአባ ኢየሱስ ሞዓ እጅ ለዓመታት ተምረዋል። እኛ ታዲያ በራሳችን ፈቃድ የመነኩሴ ሥርዓት ከገዳም አምጥተን ባለ ልጅ፣ ባለ ሱቅ ሰው ላይ ስንጭነው ባይጸና ምን ይደንቃል?

ትንሹ ልክ ለእኔ ይህ ነው። ቆሞ ማማተብ፣ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ፤ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ። ሦስት ስግደት። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት። ከዚያ በራስ ቋንቋ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ዝምታ። ሲቸኩሉ አምስት፣ ሲረጉ ሰባት ደቂቃ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓለ ኀምሳና በጌታ ዐበይት በዓላት የንስሐ ስግደት እንደሌለ አትርሱ፤ ብዙ ሰው በቅንነት ይሳሳትበታል።

ከ40 ቀን በኋላ መጨመር ይቻላል፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። በመጀመሪያ የዘወትር ጸሎት ሙሉውን፣ ከወር በኋላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከሌላ ወር በኋላ ዳዊት። ዳዊቱ ላይ ነው ሰው የሚሰበረው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መዝሙረ ዳዊት 150ው ለስድስት ቀን ተከፍሏል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ አርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ይህን ሙሉ በሙሉ የሚያደርሱ አሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናቸው። ጀማሪ ግን ከዕለቱ ክፍል 3 መዝሙር ብቻ ይውሰድ። ስድስት ክር አዘጋጁና በየዕለቱ ክፍል አንድ አንድ ክር አስገቡ። ይህ ሰኞ ከ1 እስከ 3 ብታነቡ ክሩን 4 ላይ አድርጉት፤ የሚቀጥለው ሰኞ ከዚያ ትቀጥላላችሁ። 30 መዝሙር ያለው ቀን በ10 ሳምንት ያልቃል፤ 20 ያለው በ7። የዕለቱም ሥርዓት አይፈርስም፣ ሰውም አይደክምም። አርብ ላይ 118ኛው ሲደርስ አትደንግጡ። 176 ቁጥር ያለው በ22 ፊደል የተከፈለ መዝሙር ነው። በየሳምንቱ 4 ወይም 5 ፊደል ውሰዱለት፤ በዚህ ምክንያት የአርቡ ክፍል ከ7 ሳምንት ይረዝማል።

የቁጥሩም ነገር ሰው ያደናግራል። በግእዙ ዳዊት «ተሣሃለኒ» 50ኛው ነው፣ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» 90ኛው ነው፤ የዕብራይስጡን ቁጥር በሚከተሉ እትሞች ግን 51ኛና 91ኛ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። መጽሐፉ አልተሳሳተም፣ እናንተም አልተሳሳታችሁም። በአንድ መጽሐፍ ጀምራችሁ በዚያው ጨርሱ።

ግእዝ የማያውቅ ሰው በአማርኛ ይጸልይ እላለሁ። ድምፁን ስለወደድሁት ብቻ ያልገባኝን ለዓመታት ሳነበንብ ነበር፤ ልብ የሚሸሸው አንዱ ከዚህ ነው። አሁን ንባቡን በግእዝ ካደረስሁ አንዷን መዝሙር በአማርኛ እደግማታለሁ። በለሆሳስም ቢሆን ከንፈር ይንቀሳቀስ፣ በዓይን ብቻ የሚነበብ ጸሎት በሁለተኛው ገጽ ላይ ወደ ሐሳብ ይቀየራል። ልባችሁ ሄዶ የሱቅ ሒሳብ ሲሠራ ብታገኙት ደግሞ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። እኔ እንደዚያ እያደረግሁ አንድ መዝሙር አምስት ጊዜ እየጀመርሁ ተናድጄ ትቼው ወጥቻለሁ። ከደረሳችሁበት መስመር ላይ «አቤቱ ማረኝ» ብላችሁ ቀጥሉ። ልብ መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መልሱት፣ ያ መመለስ ራሱ ጸሎት ነው። በእጅ መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለትም በተለይ ሐሳብ በበዛበት ቀን ልብን ይሰበስባል።

በቃል መያዙን ከደሴ ስወጣ ስለተማርሁት አጥብቄ እናገራለሁ። በቀን 3 ቁጥር ብትይዙ ተሣሃለኒ በሳምንት ታልቃለች። ጠዋት ያዟት፣ ታክሲ ስትጠብቁ ደግሟት፣ ማታ ስትተኙ ጨርሷት። በዓመት አሥር መዝሙር የያዘ ሰው ሆስፒታልም ቢተኛ፣ መንገድም ቢያድር፣ መብራትም ቢጠፋ ጸሎት አይቸግረውም።

ከመጽሐፍ ጸሎት በኋላ አምስት ደቂቃ ለራሳችሁና ለአምላካችሁ ተዉ። እኔ ይህን ለረጅም ጊዜ ዘልዬዋለሁ፤ መጽሐፉን ጨርሶ መዝጋት ሥራ ጨርሶ መውጣት ይመስለኝ ነበር። አሁን አንድ የወንጌል ምዕራፍ አነባለሁ። አራቱ ወንጌላት 89 ምዕራፍ ናቸው፣ በቀን አንድ ቢነበብ በሦስት ወር ውስጥ ያልቃሉ። ከዚያ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ከዚያ ትንሽ ደብተር ላይ የጻፍኋቸውን ስሞች እጠራለሁ፦ ሰኞ ቤተሰብ፣ ማክሰኞ የታመሙ፣ ረቡዕ ያስቀየሙኝና ያስቀየምኋቸው፣ ሐሙስ በስደት ያሉ፣ አርብ የሞቱ። ሁሉንም በአንድ ጠዋት ልጥራ ካላችሁ ስም መዝገብ ማንበብ ይሆንባችኋል። ለክርስቲያኖቹ የክርስትና ስማቸውን ጠይቃችሁ ጻፉ።

የሁሉም ሰው ጠዋት አንድ አይደለም። ሕፃን ያለሽ እናት፣ ልጅሽ በነቃበት ሰዓት ጡት እያጠባሽ ያደረስሻት ሰላም ለኪ ከጸሎት አትጎድልም፤ ቆመሽ የምታደርሺው ትንሹ ልክ ልጁ መልሶ ሲተኛ ይሁን። በወር አበባ ጊዜ ቤተ መቅደስ ባይገባም የቤት ጸሎት አይቀርም። በየወሩ ሳምንት እየተዉ ልማዳቸው የፈረሰባቸው ብዙ እኅቶች አሉ። ኮምቦልቻ በፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ «ጠዋት» ማለት ለእናንተ ከእንቅልፍ የምትነሱበት ሰዓት ነው። ሌሊት ሠርታችሁ ከገባችሁ ከመተኛታችሁ በፊት አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ብላችሁ ተኙ፣ ሙሉውን ስትነሱ አድርሱ። ዶርም ያላችሁ ተማሪዎች መብራት አታብሩ፣ በቃል የያዛችሁትን ኮሪደር ወይም ደጅ ወጥታችሁ አድርሱ። ክፍላችሁ ውስጥ ለሱብሒ የሚነሳ ልጅ ካለ ተስማምታችሁ አብራችሁ ተነሱ፣ ሁለታችሁም አታረፍዱም። በእርሻ ወራት ገበሬው በሬ ሳይጠምድ ትንሹን ልክ ያድርስ፣ የቀረውን መንገድ ላይ በቃሉ ይበል።

ቡናው ከጸሎት በኋላ ይሁን። አቦሉ ከተቀዳ ወሬው ይቀዳል፣ በረካ ላይ ሲደርስ ፀሐይ ወጥታለች።

ሁለት ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። አንደኛው ስሜት መጠበቅ ነው። እንባ የመጣበት ጠዋት ይኖራል፣ እንደ ደረቅ እንጀራ የሚያንቅ ጠዋትም ይኖራል። በደረቁ ቀን «ጸሎቴ አልደረሰም» ብዬ ስንት ጊዜ ሳምንት ሙሉ ተኝቻለሁ። አብሽሩ፣ ደረቁም ቀን ይቆጠራል፤ ያን ቀን ትንሹን ልክ ብቻ አድርሱና ውጡ። ሁለተኛው ቤተሰብ ላይ መቆጣት ነው። ልጅ «ውኃ ስጠኝ» ብሎ ሲያቋርጠኝ በቁጣ እመልሰው ነበር፤ ልጁ ከአባቱ ጸሎት የተማረው ፍርሃት ሆነ። አሁን መጽሐፉን አስቀምጬ ውኃውን ሰጥቼ እመለሳለሁ፣ ሲፈልግም አጠገቤ ይቆማል፤ ማማተብ የለመደው እንደዚያ ቆሞ ነው።

አንድ ቀን ሲያመልጣችሁስ? ማምለጡ አይቀርም። ለቅሶ ቤት ታድራላችሁ፣ ትታመማላችሁ፣ ዝም ብላችሁም ትተኛላችሁ። የእኔ ስሕተት ያመለጠኝን እንደ ዕዳ መክፈሌ ነበር፤ የሁለት ቀን ዳዊት በአንድ ጠዋት፣ ሲያቅተኝ የሦስት ቀን፣ ከዚያ «በቃ ከሰኞ እጀምራለሁ»። ሰኞው ደግሞ ይመጣል፣ ያልፋል። ውዳሴ ማርያሙም ዳዊቱም በዕለት የተከፈሉ ስለሆኑ ያለፈውን ቀን ማንም አይጠይቃችሁም። ረቡዕ ቀርታባችሁ ሐሙስ ከነቃችሁ፣ ክሩ ያለበትን የሐሙሱን ገጽ ገልጣችሁ ቁሙ።